ተሻጋሪ ያለው ድልድይ

ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. እሁድ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በቨርሞንት ግዛት፣ ሮኪንግሃም በምትባል የገጠር ከተማ ሥር ባለችው የባርተንስቪል መንደር፣ ጥቂት ሰዎች ዳር ቆመው ወንዝ ያያሉ። ወንዙ ዊልያምስ ይባላል፤ ያን ያህል ስም ያለው አይደለም። የዚያን ዕለት ግን «አይሪን» የተባለው ማዕበል ያወረደው ዝናብ ከየተራራው ተጠራቅሞ ጭቃ የመሰለ ደራሽ አድርጎታል። ከቆሙት አንዱ ካሜራ ደግኗል። ውሃው አስቀድሞ የበላው ድልድዩ የተቀመጠበትን የዳር አፈር ነው። ከዚያ 141 ዓመት የቆመው የእንጨት ድልድይ በአንድ ጫፉ ሸብረክ አለ፤ ግድግዳውና ጣሪያው እንደተያያዙ፣ አንድ ሙሉ ቤት ከመሠረቱ ተነቅሎ የሚሄድ ይመስል፣ ወደ ውሃው ገብቶ ሄደ። በቪዲዮው ላይ የሰዎቹ የድንጋጤ ድምፅ ይሰማል። አንዳንድ ሰው ለዘመድ እንኳ እንደዚያ አይጮህም።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ማዕበል፣ በጎረቤቱ የኒውዮርክ ግዛት ስኮሃሪ የተባለው ወንዝ ሌላ ባለ ክዳን ድልድይ ወሰደ። ይኸኛው የኖርዝ ብሌንሃይም ድልድይ ነው፤ በርዝመቱም በዝናውም ከባርተንስቪሉ እጅግ የሚልቅ፣ በፌዴራል መንግሥት በብሔራዊ ቅርስነት የተመዘገበ። ሁለት ድልድዮች በአንድ ቀን ጠፉ። አንዱ በአንድ ዓመት ከአምስት ወር ውስጥ ተመልሶ ቆመ። ሌላው ሰባት ዓመት ፈጀ። የቀደመው ደግሞ ዝነኛውና በቅርስ መዝገብ የሰፈረው አልነበረም፤ ያ የመንደሩ ድልድይ ነው።

የዚህ ልዩነት ምክንያት ቅርስ እንጠብቃለን የሚሉ ሁሉ ሊያዩት የሚገባ ጉዳይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ባለ ክዳን ድልድይ ምን እንደሆነና ለምን ጣሪያ እንደሚለብስ ማወቅ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ የመጀመሪያው ባለ ክዳን ድልድይ የተሠራው በፊላደልፊያ፣ በስኩልኪል ወንዝ ላይ ነው፤ 1805። አናጢው ቲሞቲ ፓልመር ድልድዩን ሲጨርስ ክዳን ይልበስ የሚል ሐሳብ አልነበረውም ይባላል። አሳቡን ያመጡት የድልድዩ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዳኛ ሪቻርድ ፒተርስ ናቸው። የዳኛው ስሌት ቀላል ነበር። ገላውን ለዝናብና ለፀሐይ የሰጠ የእንጨት ድልድይ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢቆይ ነው፤ መገጣጠሚያው ውሃ ይይዛል፣ ይበሰብሳል፣ ያልቃል። ጣሪያና ግድግዳ ከለበሰ ግን ሸክሙን የሚይዙት ትልልቅ እንጨቶች ደረቅ እንደሆኑ አንድ ምዕተ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራሉ። በረዶ እንዳይከመርበት ነው፣ ፈረሱ ውሃ አይቶ እንዳይደነብር ነው፣ ፍቅረኞች እንዲሸሸጉበት ነው የሚለው ሁሉ ከኋላ የመጣ ወሬ ነው። እንዲያውም በረዶውን በተመለከተ እውነቱ ተቃራኒው ነው፦ ክረምት ሲገባ የመንደር ሠራተኞች በረዶ በአካፋ እየዛቁ ወደ ድልድዩ ውስጥ ያስገቡ ነበር፤ ያለ በረዶ ተንሸራታቹ ጋሪ በደረቅ ሳንቃ ላይ አይሄድማ። ክዳኑ የተሠራው ለመንገደኛው ሳይሆን ለእንጨቱ ነው።

የባርተንስቪሉ ድልድይ የተሠራው በ1870 ነው። በቀደመው ዓመት የመጣ ጎርፍ ወንዙን ከቆየበት መሄጃ አውጥቶ ሌላ ቦታ አስያዘው፤ መንደሩም አዲሱን ወንዝ የሚሻገርበት ድልድይ አስፈለገው። ሥራውን የያዘው ሳንፎርድ ግሬንጀር የተባለ የአካባቢው አናጢ ነበር። 46 ሜትር ያህል የሚረዝመውን ድልድይ ያለ አንድ መሐል ምሰሶ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋው።

እንዴት ቻለ? መልሱ ኢቲየል ታውን የተባለ የኮኔቲከት አርክቴክት በ1820 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ንድፍ ነው። ከዚያ በፊት ረጅም ድልድይ መሥራት ለጥቂት አዋቂዎች ብቻ የተተወ ሥራ ነበር፤ ግዙፍ ግንድ ይፈልጋል፣ ውስብስብ ማጋጠሚያ ይፈልጋል። ታውን ይህን ሁሉ ትቶ ተራ የመሰንጠቂያ ጣውላ ወሰደ። ጣውላዎቹን በሰያፍ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ፣ እያጣለፈ አቆማቸው። ጠፍር አልጋ ያየ ሰው ሥራውን ወዲያው ይረዳዋል፦ አንድ ጠፍር ለብቻው ምንም አይሸከምም፤ ተጠላልፎ ሲወጠር ግን ሰው ያስተኛል። ጣውላዎቹ በተገናኙበት ሁሉ ቀዳዳ ይበሳና የእጅ አንጓ የሚያህል የባሉጥ እንጨት ችንካር ይመታበታል። ሚስማር የለም፣ ብሎን የለም ማለት ይቻላል። ማንኛውም ደህና አናጢ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ሊሠራው የሚችል ድልድይ ነው። ታውን ራሱ ንድፉን የሚጠቀመውን ሁሉ በእያንዳንዱ ጫማ ርዝመት አንድ ዶላር እያስከፈለ ጥሩ ኖሮበታል።

እንዲህ ያለ ድልድይ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጨለማና የአሮጌ እንጨት ሽታ ነው። ዓይኑ ሲለምድ ብርሃን በጣውላዎቹ መሐል እየተሰነጠቀ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ያያል። የችንካሮቹ ራስ ለብዙ ዓመት በእጅ ተነክቶ ይመስል ወዝቷል። መኪና ሲያልፍ ሳንቃው በተራ በተራ ይንኳኳል። በቨርሞንትና በኒው ሃምፕሸር መካከል በኮኔቲከት ወንዝ ላይ በ1866 በተሠራው፣ 137 ሜትር በሚረዝመው የኮርኒሽ-ዊንዘር ድልድይ መግቢያ ላይ ፈረሱን በእርምጃ የማያስኬድ ሁለት ዶላር እንደሚቀጣ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ። ቀልድ አይደለም፦ የሚጋልቡ ፈረሶች እኩል ሲረግጡ ድልድዩን ያንቀጠቅጡታል። በዚያ ቦታ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሦስት ድልድዮች በጎርፍ ተወስደዋል።

ወደ ብሌንሃይም እንመለስ። የዚያ ድልድይ ሠሪ ኒኮላስ ፓወርስ ነው። ቨርሞንት የተወለደው ፓወርስ የመጀመሪያ ድልድዩን ሲይዝ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበርና፣ ቢያበላሽ የእንጨቱን ዋጋ ለመክፈል አባቱ ዋስ ሆነውለታል ይባላል። በ1855 በኖርዝ ብሌንሃይም የሠራው ግን ሌላ ነገር ነው። ከዳር እስከ ዳር 70 ሜትር ያህል፣ ያለ ምሰሶ የተዘረጋው ብቻ 64 ሜትር፤ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ፤ በመሐሉ እስከ ጣሪያው የሚወጣ ትልቅ የእንጨት ቅስት ያለው። ድልድዩን መጀመሪያ ከመንደሩ በስተጀርባ በደረቅ መሬት ላይ ገጣጠመው፤ ከዚያ አፍርሶ ወንዙ ላይ መልሶ አቆመው። አገሬው «ይህ ይወድቃል» እያለ ያማ ነበር። መደገፊያው ሲነሣ ፓወርስ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ የሚወድቅ ከሆነ አብሬ ልውደቅ ማለቱ ነው ብለው እስከ ዛሬ ያወሩለታል። ድልድዩ ዝቅ ያለው በጣም በጥቂቱ ሲሆን ይህም አስቀድሞ ያሰበው ነበር ይላሉ።

ከዚያ ባቡር መጣ፣ አውቶሞቢል መጣ፣ ብረትና ኮንክሪት መጣ። በአሜሪካ ከ10,000 በላይ ባለ ክዳን ድልድዮች እንደተሠሩ ይገመታል፤ ዛሬ የቀሩት ከ900 አይበልጡም። ጎርፍም ድርሻውን ወስዷል፦ በኅዳር 1927 ቨርሞንትን የመታው አንድ ጎርፍ ብቻ ከሁሉም ዓይነት 1,285 ድልድይ ጠርጓል። የቀሩትን ያዳናቸው ብዙውን ጊዜ ድህነት ነው። አዲስ ድልድይ የሚሠራበት ገንዘብ ያጣ መንደር አሮጌውን እየጠጋገነ ኖረ፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ ጎብኚ ካሜራ ይዞ መጣ።

በብሌንሃይም ግን ገንዘብ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአጠገቡ የብረት ድልድይ ተሠራ። የአውራጃው ምክር ቤት አሮጌውን ላለማፍረስ ወሰነ፤ የሚያስመሰግን ነው። በ1964 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። ድልድዩ እንግዲህ ጡረታ ወጣ። የሚያልፍበት ጋሪ የለም፤ መኪና የለም፤ ጎብኚ ይገባል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይወጣል። ዘመኑን ሁሉ የተሸከመበት ጉልበት እንዳለ ሥራ ፈትቶ፣ በጎኑ በብረቱ ላይ የሚያልፈውን መኪና እያየ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል ጎርፉ ደረሰ።

የመልሶ ግንባታ ገንዘብ ሲጠየቅ የአደጋ መከላከያ ፌዴራል መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ አልከፍልም አለ። ክርክሩ ሥራ ላይ ያልነበረን ድልድይ መተካት የሕዝብ አገልግሎት ማስቀጠል አይደለም ወደሚል ነበር የሚያመራው። አውራጃው ይግባኝ አለ፣ ተመላለሰ፣ በመጨረሻም ገንዘቡ ተፈቀደ፤ አዲሱ ድልድይ በ2018 ከቀድሞው ከፍ ብሎ ቆመ። የቅርስ መዝገቡ ግን ቀድሞ ስሙን ሰርዞታል። ለመዝገቡ ቅርስ ማለት ያ እንጨት ነበር፤ እንጨቱ ጠፋ፣ ቅርሱ ጠፋ።

በባርተንስቪል እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ ለመግባት ጊዜ አልነበረም። ድልድዩ በጠፋ ማግስት ሰው መሻገር ነበረበት። ከተማዋ የጎደላት የዘወትር መንገዷ ነው፤ ያ መንገድ ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ክዳን የለበሰ ነበርና እንደዚያው ክዳን ለብሶ እንዲመለስ ተወሰነ። የታውን ንድፍ እንደገና ወጣ፤ ጣውላው እንደገና በሰያፍ ተጣለፈ፤ ችንካሩ እንደገና ተመታ። ጎርፉ ወንዙን ስላሰፋው አዲሱ ድልድይ ከቀድሞው ረዝሞ 51 ሜትር ያህል ሆነ። በጥር 2013 ለመኪና ተከፈተ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሥራ ላይ ያለ ድልድይ ቶሎ ይጎዳ የለም ወይ?» ቢል ትክክል ነው። ይጎዳል። በዚያው በቨርሞንት፣ በሊንደን፣ ሚለርስ ረን የሚባለውን ባለ ክዳን ድልድይ ረጃጅም የዕቃ መኪናዎች በተደጋጋሚ እየገጩት ጣሪያውን ያበላሹታል። ሹፌሩ የሚያየው የስልኩን ካርታ ነው፤ ካርታው ደግሞ ከፍታ አይናገርም፤ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳው ተሰቅሎ ሳለ እንኳ መኪናው ጣሪያውን ይዞ ይገባል። አንድ መንደር ይህን ሁሉ ዓመት ዓመት መጠገን ያንገፈግፈዋል።

ዝናስ ከጉዳት ያድናል? በአዮዋ ግዛት በማዲሰን አውራጃ ከነበሩት 19 ባለ ክዳን ድልድዮች የቀሩት ስድስት ናቸው። በ1992 በወጣ ልብወለድ፣ በኋላም በ1995 ክሊንት ኢስትዉድና ሜሪል ስትሪፕ በተወኑበት ፊልም ዓለም አውቋቸዋል። ሴዳር የተባለውን ድልድይ በ2002 ሰው እሳት ለቀቀበት፤ ተሠራ። በ2017 እንደገና ሰው እሳት ለቀቀበት፤ እንደገና ተሠራ። ዝና ከእሳት አላዳነውም። ሌሊት የሚመላለስበት ጎረቤት ያለው ድልድይ ላይ ግን ክብሪት መጫር ይከብዳል፤ ዓይን አለዋ። የዕቃ መኪና የሰበረውን ጣሪያ አናጢ በሳምንት ይመልሰዋል። ሁለቱን ጉዳት በሚዛን ላይ ያስቀመጠ ሰው የመኪናውን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

«አዲስ እንጨት ከሆነ ምኑን ቅርስ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። የመዝገቡ ሰዎች አቋም በወረቀት ላይ አያስኬድም አይባልም። ነገር ግን የእንጨት ድልድይን ተፈጥሮ ይዘነጋል። ባለ ክዳን ድልድይ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ እየተተካ የሚኖር ነገር ነው፤ የወለሉ ሳንቃ ያልቃል፣ ጣሪያው በየሠላሳ በየአርባ ዓመቱ ይቀየራል፣ የበሰበሰው ማገር ይወጣል ይገባል። ሳይነካ የሚኖረው አሠራሩ ነው። አሠራሩ ደግሞ በሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ በተለካ ንድፍና በሰው እጅ።

ንድፉን በተመለከተ አሜሪካኖች ዕድለኞች ነበሩ። በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ፣ ሥራ ያጡ አርክቴክቶች በመንግሥት ደመወዝ በየገጠሩ እየዞሩ ታሪካዊ ሕንፃዎችን እንዲለኩና እንዲስሉ ተደርገው ነበር። ሥዕሎቹና ፎቶግራፎቹ ዛሬ በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የብሌንሃይምን ድልድይ መልሶ ለማቆም የተቻለው አንድም ቀድሞ የተለካና ፎቶ የተነሣ በመሆኑ ነው። በ1998 ደግሞ ለባለ ክዳን ድልድዮች ብቻ የሚውል ፌዴራል የጥበቃ ፕሮግራም በሕግ ተቋቋመ፤ ከጥገናው ጎን ለጎን ልኬትና ጥናትም በገንዘቡ ይሠራ ነበር።

እጁን በተመለከተ የግራተን ቤተሰብ ታሪክ አለ። ሚልተን ግራተን የተባለው የኒው ሃምፕሸር አናጢ ባለ ክዳን ድልድይ ይሠሩ ከነበሩት የመጨረሻው ሰው ሲባል ኖሯል። በ1969 በቨርሞንት ዉድስቶክ ከተማ መሐል፣ ብረትና ኮንክሪት ሞልቶ ሳለ፣ አዲስ ባለ ክዳን ድልድይ በታውን ንድፍ ሠራ። ድልድዩን ዳር ላይ ገጣጥሞ ወንዙን የሚያሻግረው ደግሞ በበሬ ነበር። ገመዱ መሬት ላይ በተተከለ የእንጨት መጠምጠሚያ ላይ ይታሰራል፤ አንድ ጥማድ በሬ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ይዞራል፤ በበሬ እርምጃ ልክ ብዙ ቶን የሚመዝነው ድልድይ ስንዝር በስንዝር ይንፏቀቃል። ከማሽን ይልቅ በሬ የተመረጠው ለትዕይንት ብቻ አይደለም፤ በሬ አያጣድፍም፣ ሲያስቸግረው ይቆማል፤ ሞተር ግን ገመድ እስኪበጠስ ይጎትታል። ያ የዉድስቶክ ድልድይ በ1974 በእሳት ተጎድቶ እንደገና ተጠግኗል። ልጁ አርኖልድ ግራተን ሥራውን ቀጠለ። የብሌንሃይምን ድልድይ በ2018 መልሶ ያቆመውም ከዚያው ቤተሰብ የወጣ ሰው ነው። «የመጨረሻው» የተባለው እንግዲህ የመጨረሻ አልሆነም፤ ሥራ ስለነበር ልጅ ተማረ።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ከአሜሪካ ጋር ቀጥታ የሚያገናኝ ክርም አለ። ጎጃምን ከጎንደር በሚለየው የዓባይ በረሃ ላይ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ከዚያ ወዲህ ገበያተኛ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያ ማዶና በወዲህ ማዶ ያሉ ጎበዛዝት እየጎተቱት፣ ክፍተቱን በአየር ላይ ይሻገር ነበር። ይህን የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየው ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ በ2001 ለገጠር ሰው ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፤ የመጀመሪያ ሥራውም ሰባራውን በብረት መጠገን ሆነ። ብረቱን በኋላ የዓባይ ሙላት ወሰደው፤ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተተካ። ሰው መሻገሩን ስላላቆመ ድልድይ መሥራቱም አልቆመም።

ከዚያ በላይ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 የተሠራው የአላታ ድልድይ አለ። ሕዝቡ የፖርቹጋል ድልድይ ይለዋል፤ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው፤ እንቁላል ተለውሶበታል የሚሉም አሉ። ገበሬ አህያውን እየነዳ፣ ተማሪ ደብተሩን ይዞ፣ ጎብኚ ከነካሜራው ዛሬም ያልፍበታል። ክዳን የለውም፣ ድንጋይ ነውና አያሻውም። ተሻጋሪ ግን አለው።

ለዚህም ነው አንድ ቀን ለአላታ የሚቆረቆር መሥሪያ ቤት አጥር አጥሮ፣ የመግቢያ ትኬት ቆርጦ፣ ከብቱንና አህያውን በአዲስ ድልድይ ለማዞር ቢያስብ በጊዜ «ቆይ» ሊባል የሚገባው። የብሌንሃይም ሰዎችም ተሻጋሪውን በአዲስ ድልድይ አዙረውታል፤ በቅን ልብ። ይልቅስ የባሕር ዳርና የጎንደር የምህንድስና ተማሪዎች በየዓመቱ በበጋ ሜትር ይዘው ወደ አላታ ይውረዱ፤ እያንዳንዱን ድንጋይ፣ እያንዳንዱን ቅስት ይለኩ፣ ይሳሉ፣ ፎቶ ያንሡ፤ ኖራ ማቡካትና ድንጋይ መጥረብ የሚያውቁ የአካባቢውን ግንበኞች አብረው ያሠሩ፤ ንድፉም በአንድ ቦታ ሳይሆን በሦስት ቦታ ይቀመጥ። የባርተንስቪል ሰዎች ድልድያቸውን ያጡት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የዓባይ ሙላትም ቀጠሮ አይሰጥም።